ፀሐይ የበላው ፊት

የጎጆን ስም በአማርኛ ሰምቶ የሣር ክዳን የሚታየው ሰው አይጠፋም። በምዕራብ ሸዋ ከጊንጪ ተገንጥሎ የሚወጣው መንገድ የሚያደርሰን የጀልዱ ወረዳዋ ጎጆ ግን የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የድንችና የገብስ ገበያ፣ ጠዋት ጠዋት ጋቢ የሚያስደርብ የደጋ ብርድ ያላት ከተማ ናት። እንዲህ ባለች ከተማ፣ ቴሌቪዥን የጥቂት ሰው ንብረት በነበረበት ዘመን፣ ጥላሁን ገሠሠ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለማየት የፈለገ የት ይሄድ ነበር? ድምፁንማ ሬዲዮ ያመጣለታል። መልኩን የምታሳየው ቁመቷ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ወረቀት ነበረች፤ የካሴት ሽፋን።

አሜሪካኖች የልጅነታቸውን የሥዕል መጽሔት ሽፋን ሲያዩ ሆዳቸው ይባባል። ሱፐርማን መኪና አንሥቶ የሚታይበት የ1938 (እ.ኤ.አ.) መጽሔት ሲወጣ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር፤ ዛሬ በደህና የተያዘ አንድ ቅጂ በሚሊዮኖች ዶላር ይሸጣል። የእኛ ሽፋን ጨረታ ቤት ቀርቶ ቤተ መዘክርም በቅጡ አልደረሰ። ያልተጣለው በካርቶን ታጭቆ ቆጥ ላይ አቧራ ይጠጣል።

ካሴት ራሱን ላላየ ወጣት ትንሽ ላስተዋውቅ። የፊሊፕስ ኩባንያ በ1963 (እ.ኤ.አ.) በርሊን ላይ ለዓለም ያሳየው ዕቃ ነው። በውስጡ ያለው፣ እኛ «ክር» የምንለው፣ ከዝገት ጋር የሚዛመድ የብረት ዱቄት የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ነው። ወርዱ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እየተጓዘ በቴፑ ሄድ (ድምፁን በሚያነበው ክፍል) ፊት ያልፋል፤ የ60 ደቂቃ ካሴት እንግዲህ 86 ሜትር ገደማ ክር በሆዱ ይዟል ማለት ነው። 30 ደቂቃ በሳይድ ኤ፣ 30 ደቂቃ በሳይድ ቢ። ሄዱ ሲቆሽሽ ድምፁ ይታፈናል፣ በሽቶ የተነከረ ጥጥ ያጸዳዋል። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙ እንደ ሰካራም ይጎተታል፤ ድንጋዩ ፀሐይ ላይ ይሰጣና ለአንድ ምሽት ነፍስ ይዘራል። ቴፑ ካሴት ከበላ ደግሞ ሁሉም ሰው ሐኪም ነው፤ እስክሪብቶ ጥርሱ መሐል ሰክቶ ቀስ እያለ ይጠመጥማል። ከላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች የሰበረ ሰው ካሴቱ ላይ ሌላ ነገር እንዳይቀዳ ዘግቷል። ሐሳቡን የቀየረ ቀዳዳውን በወረቀት ወትፎ ይከፍተዋል። የኤፍሬም ታምሩ ዘፈን መሐል ድንገት የሠርግ ጫጫታ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ሽፋኑ ልመለስ። ሁለት ቦታ የታጠፈ ካርቶን ነው፤ ፊት፣ ጀርባና በመሐል ጠባብ ጎን። በፊቱ ላይ ዘፋኙ ከፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት ይቀመጣል፣ አገጩን በእጁ ደግፎ ወደ ሩቅ ያያል። አፍሮ ጸጉር፣ ሰፊ የኮት ኮሌታ፣ ጥላ የተሰጠው ወፍራም ፊደል። ለእኔ ምርጦቹ እነዚህ ናቸው። ኮምፒውተር ከገባ በኋላ ከዘፋኙ ጀርባ ፏፏቴና ጽጌረዳ የደረደሩት ሽፋኖች አይጥሙኝም፤ ሰውዬውን ዋጡት።

ውስጡ ደግሞ ትምህርት ቤት ነበር። ሬዲዮ የዘፋኙን ስም ጠርቶ ሲያልፍ ሽፋኑ ግን ግጥሙ የይልማ ገብረአብ፣ ዜማው የአበበ መለሰ፣ አጃቢው ሮሃ ባንድ መሆኑን ይነግራል። በኦሮምኛ ካሴቶች ላይ የታሪክ ዱካም አለ። የቀድሞዎቹ የዘፈን ርዕሶች በሳባ ፊደል የተጻፉ ናቸው፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የላቲኑ ፊደል ቁቤ ቦታውን ይዟል። የአንድ ዘፋኝን፣ ለምሳሌ የአሊ ቢራን፣ የተለያየ ዘመን ሽፋን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የሥርዓት ለውጥን ከወረቀት ላይ ያነባል።

ከካሴት በፊት ሸክላ ነበረ። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ በተሰጠበት ጊዜ አምሃ እሸቴ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አወጣ፤ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላዎች አከታተለ። ዛሬ ፈረንጅ የሚያሳድደው እነዚህን ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባሉትን ተከታታይ ሲዲዎች ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ካወጣ ወዲህ የድሮ ሸክላችን ከነሽፋኑ በውጭ ገበያ በመቶዎች ዶላር ይጠራል። ይሁን፣ ይገባዋል። ነገር ግን ሸክላ በአብዛኛው የከተሜ ዕቃ ነበር፤ ማጫወቻው ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ለጭነት አይመችም። ደርግ መጥቶ ሰዓት እላፊ ሲታወጅና የአዲስ አበባ ምሽት ሲዘጋ ሙዚቃው በካሴት ወደየቤቱ ገባ። በአይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ አምቦና ጌዶ የደረሰው፣ በድንጋይ እየሠራ ገጠር የዘለቀው ካሴት ነው። የምዕራብ ሸዋ ሰው ትዝታ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

እርግጥ ከደረሰው ብዙው ቅጂ ነበር። ሙዚቃ ቤቱ ሁለት ካሴት በሚይዝ ቴፕ ይቀዳል፣ ሽፋኑን በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ያባዛል፤ ፎቶ ኮፒ በሌለበት ባለቤቱ ርዕሶቹን በእጁ ይጽፋል። ደራሲዎቹ ከዚህ ሳንቲም አላገኙም፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፣ ካሴት ራሱ ሊሞት ሲቃረብ። ግን እውነቱን እንናገር ካልን ያ በእጅ የተጻፈ ሽፋን ከኦሪጅናሉ ይልቅ ብርቅ ነው። ኦሪጅናሉ በሺህ ታትሟል፤ የእጅ ጽሑፉ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ የመጀመሪያ አልበሙን «ሰኚ ሞቲ»ን በ2009 (እ.ኤ.አ.) ሲያወጣ የካሴት ዘመን እያበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰው ወደ ሞባይል ቤት ሄዶ ሚሞሪው ላይ ዘፈን ማስጫን ጀመረ። ሦስት መቶ ዘፈን ጥፍር በምታህል ነገር ላይ ይጫናል፣ አንዱም ፊት የለውም።

በየሱቁ መስኮት የቀሩት ሽፋኖች ሰማያዊ መሆናቸውን አይታችሁ ይሆናል። ፀሐይ ከኅትመት ቀለም ውስጥ ቀዩንና ቢጫውን አስቀድማ ትበላለች፤ ሰማያዊው ወደኋላ ይቀራል። ቤታችሁ ያለውን ግን ማዳን ይቻላል። ካርቶኑን ከቆጥ አውርዱ፣ ሽፋኑን ከፕላስቲኩ አውጥታችሁ ዘርጉት፣ ብርሃን በማይደርስበት ወፍራም መጽሐፍ መሐል አስተኙት። በስልካችሁም ፊቱን ብቻ ሳይሆን የስም ዝርዝር ያለበትን የውስጥ ገጽ አንሡት። ካሴቱን ከመጣላችሁ በፊት።