ለትልቁ አንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ወጥ አሠራርና ወጥ ሪፖርት ያላቸው ፋይዳ

የትልቁ አንጀት ካንሰር ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሳይሰራጭ ሲደረስበት ዋነኛው ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው። ይሁንና በተመሳሳይ የበሽታ ደረጃ ላይ የሚገኙ ሕሙማን የሚያገኙት ውጤት እንደ ቀዶ ሕክምናው ጥራት እንደሚለያይ ጥናቶች ያመለክታሉ። ልዩነቱን ለማጥበብ በተለያዩ አገሮች የተወሰዱት እርምጃዎች በሁለት ጉዳዮች ላይ ያተኩራሉ፤ እነዚህም አሠራሩን ወጥ ማድረግና የተከናወነውን ሥራ በወጥ ቅጽ መመዝገብ ናቸው።

የአንጀቱ የደም ሥሮችና ንፍፊቶች (የሊምፍ ዕጢዎች) በአንድ ስስ ሽፋን ውስጥ ይገኛሉ። ሽፋኑ በቀዶ ሕክምና ወቅት ከተቀደደ ወይም ከፊሉ ከቀረ የካንሰር ሕዋሳት በሆድ ውስጥ ሊቀሩ ይችላሉ።

እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ሂልድ እ.ኤ.አ. በ1982 ሬክተም በሚባለው የአንጀት የመጨረሻ ክፍል ዙሪያ ያለውን ሽፋን ሳይቀደድ የማውጣትን ጠቀሜታ አስታወቁ። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ይህንኑ አሠራር በአገር አቀፍ ደረጃ ለማስፋፋት ሐኪሞችን አሠልጥናለች፤ ብሔራዊ መዝገብ በማቋቋምም ሆስፒታሎች ውጤታቸውን ከአገሪቱ አማካይ ጋር እንዲያነጻጽሩ አድርጋለች።

በጀርመን ኤርላንገን ከተማ ቨርነር ሆኸንበርገርና ባልደረቦቻቸው ተመሳሳይ መርሕ ለትልቁ አንጀት በሥራ ላይ አውለዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት መሠረት ካንሰሩ በአምስት ዓመት ውስጥ በዚያው አካባቢ የማገርሸቱ መጠን ከ6.5 በመቶ ወደ 3.6 በመቶ ዝቅ ብሏል። ንጽጽሩ የተለያዩ ዘመናትን የሚመለከት በመሆኑ ግን ለውጡ በሙሉ ከአሠራሩ የመጣ ነው ለማለት አያስችልም። ሰፋ ያለው ቀዶ ሕክምና በትላልቅ የደም ሥሮች ላይ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችልም በቂ ሥልጠና ይጠይቃል።

መርሑ በተግባር መዋሉ የሚረጋገጠው በፓቶሎጂ ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የእንግሊዝ ሊድስ ከተማ ጥናት ከ399 ሕሙማን የወጡ የአንጀት ክፍሎችን በሦስት ደረጃዎች መድቧል። ሽፋኑ ሳይጎዳ የተገኘው በ127ቱ፣ ማለትም በ32 በመቶው ብቻ ሲሆን የእነዚህ ሕሙማን የአምስት ዓመት በሕይወት የመቆየት ዕድል ዝቅተኛውን ደረጃ ካገኙት በ15 በመቶ ያህል የተሻለ ነበር። የተመረመሩት ንፍፊቶች ቁጥርም ከ12 እንዳያንስ ይመከራል፤ ቁጥሩ ካነሰ የበሽታውን ደረጃ በትክክል መወሰንና ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መድኃኒት የሚያስፈልገውን ሕመምተኛ መለየት ያስቸግራል።

ሌላው ጉዳይ የቀዶ ሕክምናው ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ በሐኪሙ ምርጫ በነጻ ጽሑፍ ሲዘጋጅ አስፈላጊ ፍሬ ነገሮች ይጎድላሉ፤ የአንዱን ሆስፒታል ሥራ ከሌላው ጋር ማነጻጸርም አይቻልም። የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የካንሰር ኮሚሽን በ2020 ደረጃዎቹ፣ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናው ለማዳን የታለመ መሆን አለመሆኑን፣ ካንሰሩ የተገኘበትን ቦታ፣ እንዲሁም የተወገደውን የአንጀት ክፍልና የተቆረጡትን የደም ሥሮች በተወሰነ ቅጽ እንዲሞላ ደንግጓል።

የእነዚህ አገሮች ተሞክሮ እንደሚያሳየው መመሪያ ማውጣት ብቻውን በቂ አይደለም። የቀዶ ሐኪሙ ሥልጠና፣ የፓቶሎጂ ባለሙያው ማረጋገጫ፣ በአግባቡ የተሞላ ቅጽና ወደ ሆስፒታሉ የሚመለስ ውጤት ሲቀናጁ ጉድለቱ የት እንደሆነ ታውቆ በወቅቱ ሊታረም ይችላል።