ያውቁ ኖሯል? ውሻም መንሸራሸር ያስፈልገዋል

• በጣሊያኗ ቱሪን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ደንብ፣ ውሻውን በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ ለእግር ጉዞ የማያወጣ ባለቤት እስከ 500 ዩሮ እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር።

• ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻ ጉልበቱን የሚያወጣበት ስለማያገኝ ያለማቋረጥ ሊጮህ፣ መሬት ሊቆፍርና ዕቃ ሊያኝክ ይችላል።

• እንቅስቃሴ መገጣጠሚያዎቹን ከሚጎዳው ከልክ ያለፈ ውፍረት ይጠብቀዋል።

• በመንገድ ላይ ቆም እያለ ሲያሸት አእምሮውን እያሠራ ነውና አይጎትቱት።

• ውሻ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ ሳይሆን ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ያውጡት።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ያስከትቡት፤ ከዚያም ከግቢ ይዘውት ይውጡ። የእግር ጉዞው ለእርስዎም ጤና ነው!