የቤት ሥራ በምዕራብ ጎጃም ገጠር፤ የተማሪው ቀንና ማታ

ትምህርት በሁለት ጊዜ ይፈጸማል፤ መምህሩ ባለበትና መምህሩ በሌለበት ጊዜ። የመጀመሪያው የክፍል ትምህርት ነው፤ ሁለተኛው በዛሬው አነጋገር የቤት ሥራ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው የፍኖተ ሰላም፥ የቡሬና የአካባቢያቸው ገጠር ተማሪ ቀኑን እንዴት እንደሚያውል፥ መምህሩ በሌለበት ጊዜ የሚደረገውም ትምህርት በጥንቱና በአዲሱ ተማሪ ቤት ምን ዐይነት ሥርዐት እንዳለው ነው።

ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ርእሰ ከተማ ናት። ቡሬም ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው በዚያው መንገድ ላይ ከእርስዋ ቀጥላ ትገኛለች፤ ወደ ነቀምት የሚሻገረው መንገድ የሚገነጠለው ከዚያ ነው። አገሩ በቆሎ፥ ጤፍ፥ ዳጉሳና በርበሬ የሚያበቅል ለም አገር ነው። ልምላሜውን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰብል በሚበዛበት አገር ለልጅም ሥራ ይበዛበታልና።

አስኳላ ከመግባቱ በፊት የልጅ ትምህርት የሚጀመረው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በሚገኘው ንባብ ቤት ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቦታ አልተቋረጠም። ልጁ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ይቈጥራል፤ ቀጥሎ አቡጊዳን፥ ከዚያም መልእክተ ዮሐንስን፥ በመጨረሻም ዳዊትን ይማራል። ንባቡም ደረጃ አለው፤ ቁጥር፥ ግእዝ፥ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ ይባላል። በአንድ ጥላ ሥር የፊደልም፥ የአቡጊዳም፥ የዳዊትም ተማሪዎች በየድምፃቸው ሲያነቡ እንግዳ ሰው የሚሰማው ጫጫታ ብቻ ነው፤ የኔታ ግን የሳተውን ድምፅ ከመካከል ለይተው ያርማሉ። ዳዊት የደረሰው አቡጊዳ ላይ ያለውን ያስቀጽላል፤ ስለዚህ መምህሩ አንድ ቢሆኑም አስተማሪው ብዙ ነው።

ማታ መጽሐፍ አይገለጥም፤ የማታው ድርሻ የቃል ትምህርት ነው። ልጆቹ በእሳት ዳር ወይም በጨለማ ተቀምጠው ውዳሴ ማርያምንና መልክአ ማርያምን ቃል በቃል እየተቀበሉ ያጠናሉ። ይህ ትምህርት መብራት አይሻም፤ ዐይን በማይሠራበት ሰዓት ጆሮ ይሠራል።

ወደ ቅኔ ቤት ሲደረስ መምህሩ የሌሉበት ትምህርት ከፍ ያለ ቦታ ይይዛል። ጎጃም በቅኔ ትምህርት የታወቀ አገር ነው፤ የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ስማቸው በሊቃውንት ዘንድ ይጠራል። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ወደ ጫካ ወይም ወደ ገደል አፋፍ ወጥቶ ቅኔ ይቈጥራል፤ ይኸውም የተሰጠውን ሥርዐት ይዞ የራሱን ቅኔ ያዘጋጃል ማለት ነው። ከዚያ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙለታል፥ አንዳንዴም ያፈርሱበታል። ቆጠራው በትክክል የቤት ሥራ ነው፤ ነገር ግን ጊዜውም ቦታውም በትምህርቱ ሥርዐት ውስጥ ተመድቦለታል። ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ አንግቶ በየደጁ እየለመነ የሚማረው የቆሎ ተማሪ በኑሮው ድኻ ቢሆንም፥ ለማጥናት ጊዜ በማግኘት ረገድ ሀብታም ነበር።

አሁን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እንለፍ። በ1986 ዓ. ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን እስከ ስምንተኛ ክፍል አድርጎት ነበር፤ በ2015 ዓ. ም. የጸደቀው ግን እስከ ስድስተኛ ክፍል ወስኖታል። ቀኑ በሰልፍና በሰንደቅ ዓላማ መዝሙር ይጀመራል። ስም ይጠራል፤ ጠመኔው ጥቁር ሰሌዳውን ይሞላል፤ ተማሪው ወደ ደብተሩ ይገለብጣል። ማስታወሻ፥ የክፍል ሥራና የቤት ሥራ ተከታትለው በአንድ ደብተር ይሰፍራሉ። መምህሩም በማግስቱ በየመቀመጫው እየዞረ ይመለከታል፤ የተሠራውን በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ያደርግበታል፥ ያልሠራውንም ያስነሣዋል። ክፍል በማይበቃበት ትምህርት ቤት ትምህርቱ በፈረቃ ስለሚሰጥ፥ ልጁ በትምህርት ቤት የሚቈየው ግማሽ ቀን ነው።

የቀረው ግማሽ ቀን የቤተሰቡ ነው። ወንዱ ልጅ ከብት ያግዳል፤ ሴቷ ልጅ ውሃ ትቀዳለች፥ እንጨት ትለቅማለች፥ ታናናሾችዋን ትይዛለች። ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ወራት ስለ ሆኑ፥ በእነዚህ ወራት ደብተሩ ባዶ ሆኖ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ማታም ቢሆን ኩራዙ ለእራት ማቅረቢያ እንጂ ለንባብ የተዘጋጀ አይደለም፤ ጋዝም በገንዘብ ይገዛል። እንግዲህ «የቤት ሥራ» የሚለው ስም ራሱ ብዙ ነገር አስቀድሞ ያስባል፤ መብራት፥ መቀመጫ፥ ባዶ ሰዓትና የሚያስረዳ ሰው ያለበትን ቤት ያስባል። ይህ ሁሉ በከተማ በአንዳንዱ ቤት ይገኛል፤ በገጠር ግን ከአራቱ አንዱ እንኳ የማይገኝበት ቤት አለ።

ልጆቹም ለዚህ ችግር የራሳቸውን መላ አበጅተዋል። ከብቱ በተሰማራበት መስክ ደብተራቸውን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይሠራሉ፤ ማልደው መጥተው ደወል እስኪደወል ድረስ በክፍሉ ደጃፍ ይጠያየቃሉ፤ በመንገድም የማባዣውን ሰንጠረዥ በዜማ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ያለው ልጅ ከእነርሱ ይማራል። በሐምሌ 1971 ዓ. ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቈጠሩ ወላጆችም የልጅ ልጆቻቸውን ደብተር ለማየት የበቁበት ቤት አለ። መቀባበሉ፥ በዜማ ማጥናቱና ታላቁ ታናሹን ማስቀጸሉ ከየት እንደ መጣ አንባቢው አይስተውም፤ የንባብ ቤቱ ሥርዐት ነው። ልጆቹ ስሙን ባያውቁትም ልማዱን ወርሰዋል። ሆኖም ከሌላ ደብተር የሚገለብጥም አለና፥ የገለበጠው ምልክት ሲያገኝ በቅንነት ያልሠራው ይገሠጻል።

ይህ ጉዳይ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የታወቀው ክፍሎች በተዘጉ ጊዜ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ. ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት በአገሪቱ ያሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሲዘጉ፥ የልጁ ትምህርት በሙሉ ወደ ቤት ሥራነት ተለወጠ። በ2015 ዓ. ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህም፥ ምዕራብ ጎጃም ጭምር በክልሉ እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ልጆችም ዓመታት አልፈውባቸዋል። መምህሩ በሌለበት ጊዜ መማርን ያልለመደ ልጅ፥ በሩ በተዘጋበት ቀን ያቆመው ትምህርት እዚያው ይቀርበታል።

እኛ አስኳላው ወደ ንባብ ቤት ይመለስ አንልም። ንባብ ቤቱ ቃሉን ያለ ትርጓሜ ያስጠናል፤ በትሩም የታወቀ ነው፤ በዚያ ላይ ከሞላ ጎደል የወንዶች ቤት ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር በሚገባ ዐውቆ ነበር፤ ተማሪው ብቻውን የሚያጠናበትን ጊዜ ለቤተሰቡ ዕድል አልተወውም፥ ራሱ ሠራው እንጂ። ስለዚህ ያልተሠራ የቤት ሥራ የሚያይ መምህር «ሰነፍ» ከማለቱ በፊት ወሩንና የልጁን ፈረቃ ቢጠይቅ፥ ከክፍለ ጊዜውም ጥቂቱን ከፍሎ ታላላቆቹ ታናናሾቹን የሚያስቀጽሉበት ሰዓት ቢያደርገው፥ አዲስ ነገር አላመጣም። የአገሩ ልጆች በየመስኩ የሚያደርጉትን ወደ ክፍል አስገባ እንጂ።