ስለ ድንገተኛ ሕክምና ሠልጣኞችና ስለ ምርምር ትምህርታቸው

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ የምንሞክረው፣ አንድ ሐኪም የድንገተኛ ሕክምናን ልዩ ትምህርት በሚከታተልበት ጊዜ ምርምርንም አብሮ መማሩ ለምን እንደሚያስፈልግና ትምህርቱ በምን መልክ ቢሰጥ እንደሚጠቅም ነው። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

የድንገተኛ ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ የታወቀው በቅርብ ዘመን ነው። የመጀመሪያው የሬዚደንሲ ትምህርት በ1970 በአሜሪካ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ በዚያው አገር እንደ ልዩ ሙያ የተቆጠረው ግን በ1979 ነው። በአገራችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሦስት ዓመቱን ትምህርት በ2010 ጀመረ። የቶሮንቶና የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን በማስተማር ረድተዋል፤ የመጀመሪያዎቹም ሠልጣኞች በ2013 ተመረቁ። ሠልጣኙ ከመመረቁ በፊት አንድ የጥናት ጽሑፍ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። እንግዲህ መመርመር የሚገባው ነገር፣ ይህ ጥናት ለምስክር ወረቀት ብቻ ተጽፎ ከመደርደሪያ የሚቀር ነው ወይስ ሕመምተኛውን የሚደርስ ነው የሚለው ነው።

የድንገተኛ ክፍል ሥራ ጥድፊያ ስለ ሆነ፣ ሐኪሙ ያክም እንጂ ምርምሩን ለሌላ ይተው የሚሉ አሉ። አነጋገሩ እውነት ይመስላል፤ ዳሩ ግን በጥድፊያ የሚሰጥ ሕክምና ካልተመረመረ ሊጎዳ ይችላል። ለምሳሌ በከባድ ትኩሳት የደም ዝውውራቸው ለደከመ ሕፃናት ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር በፍጥነት መስጠት የታመነ ልማድ ነበር። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ በ3,141 ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2011 የታተመው ጥናት ግን ተቃራኒውን አሳየ፤ ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው ውስጥ ከመቶ 10 ተኩል ያህሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሞቱ፣ እንዲያ ካልተሰጣቸው የሞቱት ከመቶ 7.3 ነበሩ። የሌላውን አገር ልማድ ሳይመረምሩ መቀበል ምን ያህል ሕይወት እንደሚያስከፍል ከዚህ ይታያል።

ሁለተኛው ምሳሌ ስለ ደም መፍሰስ ነው። በ40 አገሮች ከ20,000 በሚበልጡ ጉዳተኞች ላይ የተደረገውና በ2010 የታተመው ጥናት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው ርካሽ መድኃኒት ሞትን እንደሚቀንስ አስረዳ። በ2011 በወጣው ተጨማሪ ትንተና ደግሞ መድኃኒቱ የሚጠቅመው ጉዳቱ ከደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ መሆኑ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ሊጎዳ እንደሚችል ታወቀ።

ይህን የ3 ሰዓት ነገር ይዘን ወደ ቤሌ እንመልከት። ቤሌ በወላይታ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ከሶዶ በስተ ምዕራብ ወደ ኦሞ ወንዝ አቅጣጫ ትገኛለች። በዙሪያዋ ካሉት ቀበሌዎች ከዛፍ የወደቀ ወይም በሞተር ብስክሌት የተጎዳ ሰው በቃሬዛ ወደ መንገድ ይወጣል፤ ከዚያ ተሽከርካሪ ይጠበቃል፤ ቤሌ ታይቶ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ሶዶ ይላካል። ሶዶ ላይ የሚቀበለው ሐኪም የገባበትን ሰዓት ያውቃል፤ የተጎዳበትን ሰዓት ግን ካልጠየቀ አያውቅም። መድኃኒቱን ልስጥ ወይስ ልተው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው በአስታማሚው አፍ ነው።

ስለዚህ ሶዶን የጥናቱ ሥፍራ ያደረገ ሠልጣኝ ሦስት ሰዓቶችን ቢመዘግብ፣ ይኸውም የተጎዳበትን፣ ቤሌ የደረሰበትንና ሶዶ የደረሰበትን፣ ጊዜው የት እንደሚባክን ሊያሳይ ይችላል። የሚባክነው ከቤት እስከ ቤሌ ከሆነ መፍትሔው በቀበሌው ነው፤ ቤሌ ላይ ከሆነ መድኃኒቱ ከመላኩ በፊት እዚያው ይሰጥ ያሰኛል፤ በመንገድ ላይ ከሆነ ደግሞ የአምቡላንስ ጉዳይ ነው። ሳይለዩ ገንዘብ ማውጣት በጨለማ እንደ መተኮስ ነው።

ወላይታ ለምርምር እንግዳ አይደለችም። በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ የሚሄዱ ሰዎችን የሚይዘውን የእግር ዝሆኔ፣ ማለትም ፖዶኮኒዮሲስን፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ አጥንቶ ከአፈሩ ጋር አገናኝቶታል። በ2003 የታተመ ጥናትም በወላይታ ከመቶ ሰው 5 ተኩል ያህሉን እንደያዘ ገለጸ። ዝሆኔ ዘገምተኛ ስለ ሆነ ተመራማሪው ነገ ተመልሶ ሊጠይቅ ይችላል። የድንገተኛ አደጋ ማስረጃ ግን በዚያች ሌሊት ካልተያዘ ይጠፋል፤ በዚያች ሌሊት ከሕመምተኛው አጠገብ ያለው ደግሞ ተረኛው ሐኪም ነው። ሐኪምና ተመራማሪ በአንድ ሰው ይገናኙ የምንልበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ችግሩ ቀላል አይደለም። የሌሊት ተራ የሚያድር ሠልጣኝ ለማንበብ ጊዜ ያጣል። ራሱን የሳተ ሰውም ፈቃዱን ሊሰጥ አይችልም፤ አሜሪካ ለዚሁ ጉዳይ በ1996 ጥብቅ ደንብ አውጥታለች። ቤተ ዘመዱን ለማስረዳትም በወላይታ ጥያቄውና ማብራሪያው በወላይትኛ መሆን ይገባዋል።

በእኛ አሳብ፣ በአንደኛው ዓመት ሠልጣኙ ጥያቄውን ከሚያክማቸው ሰዎች መካከል ይፈልግ፤ የመዝገብ አያያዝንና ስታቲስቲክስን ይማር። በሁለተኛው ዓመት ከተራ ነፃ የሆነ የተወሰነ ጊዜ ተሰጥቶት ማስረጃ ይሰብስብ። በሦስተኛው ይጻፍ፤ ከመምህራኑም ፊት ከቆመ በኋላ ውጤቱን ሪፈሩን ለጻፉት ለቤሌ ነርሶች ተመልሶ ያስረዳ። ሰዓቱን የመዘገቡት እነርሱ ናቸውና፣ ምን እንደ ተገኘ ማወቅም የሚገባቸው አስቀድሞ እነርሱ ናቸው።