ያውቁ ኖሯል? ውሻ ይዞ ሽርሽር

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው የሚደርሱበት የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ ውሻን ደስ ብሏቸው ከሚቀበሉ ጥቂት የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አንዱ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሆነው የእግር መንገዱ ለውሻ የተከለከለው 32 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ችግሩ፣ ከተከለከሉት መካከል ሰው ሁሉ የሚጎርፍባቸው የኦልድ ራግ ተራራና የዳርክ ሆሎው ፏፏቴ መኖራቸው ነው። ገመዱም ከ1.8 ሜትር መብለጥ የለበትም።

የሎውስቶን ሄደው ግን ይህን አይጠብቁ። እዚያ ውሻ በእግር መንገዶቹም ሆነ በፍል ውሃዎቹ ዙሪያ በተዘረጉት የእንጨት መተላለፊያዎች ላይ ድርሽ አይልም። ከመኪና መንገድና ከመኪና ማቆሚያ ከ30 ሜትር በላይ መራቅም አይፈቀድለትም። ደንቡ የበዛ የሚመስለው ካለ ይህን ይስማ፦ በ1981 እ.ኤ.አ. አንድ ውሻ ከመኪና አምልጦ 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ የፍል ውሃ ኩሬ ውስጥ ዘሎ ገባ። የውሻው ባለቤት ጓደኛ የሆነ የ24 ዓመት ወጣት፣ ሰዎች እየጮኹ ቢከለክሉትም፣ ሊያወጣው ተከትሎት ዘለለ። ውሻው እዚያው ቀረ። ወጣቱም በማግስቱ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ።

ውሻን መኪና ውስጥ ትቶ መሄድም አደገኛ ነው። ውጭው 21 ዲግሪ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 32፣ በግማሽ ሰዓት ደግሞ 40 ዲግሪ ይደርሳል። መስኮቱን ገርበብ ማድረግ እምብዛም አይጠቅም። ውሻ እንደ እኛ በላብ አይበርድለትም፤ የላብ ዕጢዎቹ ያሉት በዋናነት መዳፎቹ ላይ ነው። የሚያበርደው ማለክለኩ ነው፤ የሚስበው አየር ራሱ ከጋለ ደግሞ ማለክለኩም ከንቱ ነው። «ቡና ገዝቼ ልምጣ» የምትባለው ደቂቃ፣ ሰልፍ ሲጨመርባት ስንት እንደምትሆን እርስዎ ያውቁታል።

አየሩ 30 ዲግሪ በሆነ ቀን አስፋልቱ 57 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። የእጅዎን ጀርባ ለ7 ሰከንድ ያኑሩበት። ካቃጠለዎት የውሻውንም መዳፍ ያቃጥለዋል።

ሽንኩርት ለውሻ መርዝ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? ጥሬው፣ የበሰለው፣ ደርቆ የተፈጨውም ያው ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሳቱን ያፈርሳል። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። እንግዲህ እኛ ለሽርሽር ከምንቋጥረው ምግብ ውስጥ ለውሻ የሚሆን ምን ቀረ? ዶሮ ወጡ ግማሹ ሽንኩርት ነው፤ ምስሩም ጥብሱም ያለ ሽንኩርት አይሠሩም። ክፋቱ፣ ውሻው ብዙ ጊዜ ወዲያው አለመታመሙ ነው። ድዱ የሚነጣው፣ ሽንቱ የሚጠቁረው፣ አቅም የሚያጣው ከቀናት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ያቺን ጉርሻ የሚያስታውሳት የለም። «ትንሽ ፍትፍት ምን ይለዋል» የሚሉ አክስት ካሉዎት ከውሻው ራቅ አድርገው ያስቀምጧቸው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል። ዘቢብ፣ ቸኮሌትና ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ የገባበት ስኳር አልባ ማስቲካም ውሻው ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጡ።

ለአውሮፕላን ጉዞ ውሻን በመድኃኒት ማደንዘዝ የእንስሳት ሐኪሞች በአብዛኛው አይመክሩም፤ ትንፋሹንና የደም ግፊቱን ያዛባል። እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉትን ደፍጣጣ አፍንጫዎች ደግሞ ብዙ አየር መንገዶች በጭነት ክፍል አንወስድም ይላሉ።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ትልቅ ውሻ ባቡር ሲሳፈር ትኬት ይቆረጥለታል፤ በሁለተኛ ማዕረግ ግማሽ ዋጋ። በአሜሪካው አምትራክ ባቡር የሚፈቀደው ከነመያዣው ከ9 ኪሎ የማይበልጥ ውሻ ነው፤ ያውም እስከ 7 ሰዓት በሚፈጅ ጉዞ። ጎረምሳ ላብራዶር ያለው ሰው መኪናውን ነዳጅ ይሙላ።

ውሻን ኢትዮጵያ ድረስ ለዕረፍት ይዞ ለሚሄድ ሰው ትልቁ ራስ ምታት መመለሱ ነው። አሜሪካ ኢትዮጵያን በእብድ ውሻ በሽታ ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ መድባታለች። ከኦገስት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ6 ወር በታች የሆነ ውሻ ወደ አሜሪካ አይገባም፤ ማይክሮቺፕም ግዴታ ነው። አሜሪካ የተከተበ ውሻ ከሆነ የክትባት ማስረጃ ቅጹ በሐኪም ተሞልቶ በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር መጽደቅ ያለበት ከአሜሪካ ከመውጣትዎ በፊት ነው። ቦሌ ቆመው «ረስቼው ነው» ቢሉ የሚሰማዎት የለም።

አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለሚኖሩትም ቀኑን መቁጠር የግድ ነው። ከኢትዮጵያ የሚገባ ውሻ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደሙ መመርመር፣ ደሙ ከተቀዳበት ቀን አንስቶም 3 ወር መጠበቅ አለበት። ነገር ግን ምርመራው ከአውሮፓ ከመውጣትዎ በፊት ተሠርቶ ውጤቱ በውሻው ፓስፖርት ላይ ከሰፈረ፣ ክትባቱም ካልተቋረጠ፣ ሦስቱ ወር ይቀርልዎታል። ይህችን አንዲት የደም ምርመራ አስቀድሞ ያላሰበ ሰው ውሻውን ለዘመድ አደራ ሰጥቶ ብቻውን ይመለሳል። ማይክሮቺፑም ከክትባቱ በፊት ወይም በዚያው ቀን መግባት አለበት፤ ክትባቱ ከቀደመ እንዳልተከተበ ይቆጠራል።

ኢትዮጵያ ከደረሰ በኋላስ ባሌና ሰሜን ተራሮች ይዘውት ይሂዱ? እኔን ከጠየቁኝ፣ አይሂዱ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል፤ ከዋና ጠላቶቻቸውም መካከል ከሰው ውሾች የሚተላለፉባቸው የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የተባለው ሕመም ይገኙበታል። ባሌ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ የዌብ ሸለቆን ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል። የእርስዎ ውሻ የተከተበ ይሆናል፤ ግን በመንገድ ላይ ከስንት ውሻ ጋር እንደሚገናኝ ማን ይቆጣጠራል?

ከሽርሽር መልስ ውሻው ላይ መዥገር ሲያገኙ ክብሪት አይለኩሱበት፣ ቅባትም አይቀቡት። ቆዳው ሥር በወረንጦ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው።

አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በመኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ያቋረጠው ሆራሺዮ ጃክሰን፣ በ1903 እ.ኤ.አ. ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ ኒው ዮርክ ለመድረስ 63 ቀን ፈጅቶበታል። አይዳሆ ላይ በድ የተባለ ውሻ ገዝቶ ከጎኑ አስቀመጠ። መኪናው የፊት መስታወት አልነበረውምና አቧራው የውሻውን ዓይን ሲያቀላው የሾፌር መነጽር አጠለቀለት። መኪናውም መነጽሩም ዛሬ ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም አሉ። መግቢያው ነጻ ነው፤ የራስዎን ውሻ ይዘው ከሄዱ ግን ከበር ይመልሱዎታል።