በር ጠባቂው ራሱ በሩን ሲከፍት

እንደሚታወቀው ብዙ ማኅበራት ድረ ገጻቸውን የሚያቋቁሙት ዎርድፕረስ በተባለው ፕሮግራም ነው። መግቢያውን የሚያስጠብቁትም ፕለጊን በሚባሉ፣ ሌሎች ሰዎች በሠሯቸው ተጨማሪ ክፍሎች ነው። ታዲያ ጠባቂው ራሱ ቢታመምስ?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 የሆነውን እንመልከት። «ሪሊ ሲምፕል ሴኩሪቲ» የተባለው ፕለጊን ከ4 ሚሊዮን በላይ በሆኑ ድረ ገጾች ላይ ይሠራ ነበር። ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀው ክፍሉ ግን ከባድ ጉድለት ተገኘበት። ይኸውም አንዱ የፕሮግራሙ ክፍል የገቢውን ማስረጃ መርምሮ «ሐሰት ነው» ሲል፣ ሌላው ክፍል መልሱን ሳያነብ ያስገባው ነበር። በመሆኑም የአስተዳዳሪውን መለያ ቁጥር ብቻ የጠቀሰ እንግዳ ያለ ይለፍ ቃል መግባት ይችል ነበር። እኛ የሕክምና ተማሪዎች በቋንቋችን ብንገልጸው፣ ላቦራቶሪው «ደሙ አይስማማም» ብሎ ጽፎ ሳለ፣ ወረቀቱን ሳያዩ ደሙን ለበሽተኛው እንደ መስጠት ነው። ጉድለቱ የነበረው ከ9.0.0 እስከ 9.1.1.1 ባሉት እትሞች ሲሆን፣ የሚጎዳውም ሁለተኛውን ማረጋገጫ ያበሩትን ነበር፤ በ9.1.2 ታረመ።

ይህ ለምን ያገባናል? በማኅበር መዝገብ ውስጥ የአባላት ስም፣ አድራሻና የፓስፖርት ቁጥር ይገኛል። በሰው አገር ይህ በማን እጅ እንደሚወድቅ አይታወቅም። ስለዚህ፦

1. አዲስ እትም ሲወጣ ሳንዘገይ እናድስ።
2. የማንጠቀምበትን ፕለጊን እናጥፋ።
3. የአስተዳዳሪዎችን ቁጥር እንቀንስ።
4. የፓስፖርት ቁጥር ከነጭራሹ ድረ ገጽ ላይ አናኑር።

ሁለተኛ ማረጋገጫውን ግን በፍርሃት አንተው። አንድ መድኃኒት ተበላሸ ተብሎ ሕክምና አይተውም።