ሁሉም እባጭ ለቢላ አይደለም

ከወልድያ ወደ ወረታ በሚያልፈው መንገድ ዳር፣ በመቄት ወረዳ ፍላቂት፣ ክንዱ ወይም ትከሻው ላይ እባጭ የወጣበት ሰው መካሪ አያጣም። አንዱ «ይተኮስ» ይላል፣ ሌላው «ቆርጦ መጣል ነው» ይላል፣ ሦስተኛው «ካላመመህ ምን አስጨነቀህ» ብሎ ያልፋል። መተኮሱ መቼም አይጠቅምም፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ልክ ወይም ስሕተት የሚሆኑት እንደ እባጩ ዓይነት ነው።

ስንቆስል ገላችንን የሚጠግኑት ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው፤ ኮላጅን የተባለውን ጠንካራ ክር እያመረቱ ክፍተቱን ይሞላሉ። እነዚሁ ሕዋሳት ያለ ልክ ሲባዙ ካንሰር ያልሆኑ ጠጣር እባጮች ይፈጠራሉ። በእጅ ሲዳሰሱ መጠንከራቸው ሊፖማ ከሚባለው ለስላሳ የስብ እባጭ ይለያቸዋል።

ከሁሉም የሚታወቀው ኬሎይድ ነው። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል፤ የተበሳ ጆሮ፣ የተቃጠለ ወይም የተተኮሰ ገላ፣ ደረትና ትከሻ ላይ ይወጣል። ያሳክካል፤ ዋና መለያው ግን የቁስሉን ድንበር አልፎ መስፋቱ ነው። ድንበሩን ያላለፈ ጠባሳ በጊዜ ብዛት ሊሟሽሽ ይችላል። ኬሎይድን ቆርጦ ብቻ መተው አዲስ ቁስል መክፈት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፣ አንዳንዴም ከፊተኛው ይብሳል። ስለዚህ ሐኪሞች ትራያምሲኖሎን የተባለ መድኃኒት እባጩ ውስጥ ይወጋሉ፤ ከቆረጡም መርፌውን ወይም ጨረር ያስከትላሉ።

ደርማቶፋይብሮማ አብዛኛውን ጊዜ እግር ላይ የምትወጣ፣ አተር የምታክል ቡናማ ጉብታ ናት። ግራና ቀኝ በሁለት ጣት ሲጨምቋት ወደ ውስጥ ትሰረጉዳለች። ጉዳት የላትም። ስሙ የሚቀራረበው ደርማቶፋይብሮሳርኮማ ግን ሌላ ነው፤ ለዓመታት ቀስ እያለ ይሰፋል፣ ሥሩን ወደ ስብ ይሰድዳል፣ ዙሪያው በሰፊው ካልተቆረጠ ይመለሳል። ቢላው ለፊተኛዋ ትርፍ፣ ለኋለኛው ግዴታ ነው።

ኖዱላር ፋሲያይተስ የተገላቢጦሽ ነው። ብዙ ጊዜ በወጣት ክንድ ላይ በጥቂት ሳምንታት ያድጋል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይም ሕዋሳቱ በፍጥነት ስለሚባዙ ካንሰር ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ግን ራሱ ይከስማል። ይህን ያላስተዋለ ባለሙያ በሽተኛውን ለማያስፈልገው ከባድ ቀዶ ሕክምና ሊዳርገው ይችላል። ኤላስቶፋይብሮማ ደግሞ በዕድሜ በገፉ ሰዎች፣ ይበልጡን በሴቶች፣ ከትከሻ አጥንት ግርጌ ይወጣል። ሁለት የፊንላንድ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1961 ጽፈውበታል፤ በጃፓኗ ኦኪናዋም በ1982 የ170 ታማሚዎች መረጃ ታትሟል። የትከሻ አጥንት ከጎድን አጥንት ጋር መፋተጉና የቤተሰብ ውርስ በምክንያትነት ይነሳሉ። ካላስቸገረ አይነካም።

በደጋው አገር ሌላም ተመሳሳይ አለ። ሽኮኮ ከሚኖርበት ገደል አካባቢ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ቁንጭር ፊት ላይ ጉብታ ያወጣል፤ ሥጋ ደዌም አንዳንዴ ኬሎይድ የሚመስሉ ጠንካራ ጉብታዎች ያበቅላል። ሁለቱም በመድኃኒት እንጂ በቢላ አይድኑም። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በእነዚህና በሌሎች የቆዳ ሕመሞች ሕክምና የታወቀ ነው።

ሐኪም ፊት የሚቀርብ ሰው የሦስት ጥያቄ መልስ ይዞ ቢሄድ ይረዳዋል፦ መቼ ጀመረ፣ በምን ፍጥነት አደገ፣ ቀድሞ በቦታው ቁስል ነበረ? ከ5 ሴንቲሜትር የበለጠ፣ በጥልቀት የተቀበረ፣ በፍጥነት የሚያድግ ወይም ከተቆረጠ በኋላ የተመለሰ እባጭ ቀጠሮ አይሰጠውም። የመጨረሻው ፍርድ የፓቶሎጂ ባለሙያው ነው፤ ለዚህም ናሙናው ደሴ፣ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ሊላክ ይችላል። ስለዚህ ተቆርጦ የወጣ እባጭ አይጣል፤ በአልኮል ወይም በውኃ ሳይሆን በፎርማሊን ተነክሮ፣ የታማሚው ስምና የወጣበት ቦታ ተጽፎበት ይላክ። ከተጣለ በኋላ እባጩ ቢመለስ፣ የፊተኛው ምን እንደነበረ የሚናገር ምስክር አይገኝም።